ድምፁ የሚሰማ ክላክስ በሞተር ላይ ለመግጠም

ከወረታ ወደ አዲስ ዘመን በሞተር የሚመላለስ ሰው ይህችን ነገር ያውቃታል። የፎገራ ሜዳ መንገድ ቀጥ ያለ ስለሆነ ሁሉም ይፈጥናል። ከፊትዎ የሩዝ ጆንያ እስከ ላይ የጫነ አይሱዙ አለ፤ ሹፌሩ መስኮቱን ዘግቶ ቴፑን ለቆታል። ለማለፍ ክላክስ ይነካሉ፤ ከሞተርዎ የሚወጣው ግን እንደ ጫጩት «ጢጥ» የሚል ነገር ነው። አይሱዙው ጋሪ ለመቅደም ወደ ግራ ሲወጣ እርስዎ ጎኑ ላይ ነዎት።

ከዚያ በኋላ የሚሆነው የታወቀ ነው። ሰውየው በነጋታው መለዋወጫ ሱቅ ሄዶ ትልቁን ክላክስ ይገዛል፣ አሮጌውን ነቅሎ አዲሱን እዚያው ሽቦ ላይ ይሰካል፣ ጥቂት ቀን ደስ ብሎት ይነዳል። ሳምንታት ሳይቆይ ክላክሱ ይጎረንናል፣ ወይም መሪው ላይ ያለው መጫኛ ይቃጠላል፣ ወይም ፊውዙ ሄዶ ፍሬቻውና የፍሬን መብራቱ አብረው ይጠፋሉ። ያኔ «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ይባላል። አንዳንዴ እውነትም ፎርጅድ ነው። እኔ ፈትቼ ካየኋቸው ውስጥ ግን አብዛኞቹ ክላክሶች ደህና ነበሩ፤ የጎደላቸው ኤሌክትሪክ ነው።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው መመሪያ ስለ ክላክሱ ጥቂት፣ ኤሌክትሪኩን ከባትሪው እስከ ክላክሱ ሳይንጠባጠብ ስለማድረስ ደግሞ ብዙ ይላል። የታሰበው ለቦክሰር፣ ለቲቪኤስና ለመሳሰሉት ባለ 12 ቮልት ሞተሮች ነው፤ ለባለ ሦስት እግሩ ባጃጅም ሥራው ያው ነው። ካቻቢቴና ፒንሳ መያዝ ለለመደ ሰው ከግማሽ ቀን አያልፍም።

1. መጀመሪያ አሮጌውን ይመርምሩ

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት የድሮው ክላክስ ለምን እንደደከመ ይወቁ፤ ምክንያቱ ባትሪው ወይም ሽቦው ከሆነ አዲሱም በዚያው በሽታ ይታመማል።

ሞተሩን አስነስተው ክላክሱን ይንኩ። ከዚያ አጥፍተው ኮንታክቱን ብቻ ከፍተው እንደገና ይንኩ። ሞተሩ ሲነሳ ደህና ጮሆ ሲጠፋ ከደከመ፣ ጣትዎን ወደ ባትሪው ይቀስሩ። ቴስተር ካለዎት ነገሩ ይበልጥ ይጠራል። ሳይነዳ ያደረ ሞተር ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.2 ካሳየ ግማሽ ያህሉ ሄዷል። ሞተሩ ተነስቶ ነዳጅ ሲሰጡት ቁጥሩ ከ13.5 እስከ 14.5 ባለው መካከል መሆን አለበት። እዚያ ካልደረሰ ባትሪው እየተሞላ አይደለም ማለት ነውና ክላክሱን ትተው ወደ ኤሌትራውቶ ይሂዱ።

ባትሪው ደህና ከሆነ የቴስተሩን ሁለት ጫፎች ክላክሱ ጀርባ ባሉት ሁለት እግሮች ላይ አድርገው፣ ሌላ ሰው መጫኛውን ተጭኖ እንዲይዝልዎ አድርገው ያንብቡ። 11.5 ወይም ከዚያ በላይ ካነበቡ ኤሌክትሪኩ ደርሷል፤ ያረጀው ክላክሱ ነው። 10 እና ከዚያ በታች ካነበቡ ኤሌክትሪኩ መንገድ ላይ ቀርቷል።

አንድ ነገር ልጨምር። ክቡ የሞተር ክላክስ ጀርባው ላይ ትንሽ የማስተካከያ ብሎን አለችው። ይህ ዕቃ በእኛ አገር በብዛት የሚሞተው በጭቃና በአቧራ ነው። ጭቃውን በደረቅ ብሩሽ ጠርገው፣ ብሎኗን ከአንድ ዙር ስምንተኛውን ያህል ወደ አንዱ ጎን፣ ካልሆነም ወደ ሌላው ጎን እየነኩ ይሞክሩ። ሙት የመሰለ ክላክስ በዚህች ብቻ ሰው ሲሆን አይቻለሁ። እርስዎም እዚህ ላይ ከተሳካልዎ ቀሪውን ትተው ቡናዎን መጠጣት ይችላሉ።

2. ምን ዓይነት ክላክስ ይግዙ?

ገበያ ላይ የሚያገኙት ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ክብና ጠፍጣፋ፣ ሳህን የሚመስለው ነው፤ ጠንካራው ዓይነት ከ3 እስከ 4 አምፔር ይወስዳል። ሁለተኛው እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለለው ነው፤ ብዙውን ጊዜ አንዱ ቀጭን፣ አንዱ ወፍራም ድምፅ ያለው ሆኖ በጥንድ ይሸጣል፤ እያንዳንዱ ከ4 እስከ 5 አምፔር ይፈልጋል። ሦስተኛው ትንሽ የአየር መጭመቂያ ያለው ነው። እሱ 15 አምፔርና ከዚያም በላይ ይስባል፤ ትንሽ ሞተር በጠቅላላው የሚያመነጨው ከዚያ ያነሰ ነው። ሻጩ የቱንም ያህል ቢያወድሰው ለቦክሰር አይሆንም፤ ባትሪዎን እንደ አልቅት ይመጠዋል።

የእኔ ምርጫ ጥንዱ ቀንድ አውጣ ነው። ባትሪው ትንሽ ከሆነ ደግሞ አንድ ጠንካራ ክብ ክላክስ ይበቃል። ባትሪው ላይ የተጻፈውን ያንብቡ፤ 12 ቮልት ብሎ ቀጥሎ 2.5 ወይም 3 አምፔር ሰዓት የሚል ከሆነ ጥንዱን ይተዉት። 5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ጥንዱን ይችላል። አንዳንድ አሮጌ ሞተሮች 6 ቮልት ናቸው፤ ለእነሱ ይህ መመሪያ አይሠራም።

ካርቶኑ ላይ 130፣ አንዳንዴም 150 ዴሲቤል የሚል ቁጥር ያያሉ። አይመኑት። ድምፁ ከምን ያህል ርቀት እንደተለካ ካልተነገረ ቁጥሩ ምንም አይደለም። በሜዳ ላይ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፁ 6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል፤ 2 ሜትር ላይ 110 የነበረው 8 ሜትር ላይ 98፣ 32 ሜትር ላይ 86 ይሆናል። የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 28 ተሽከርካሪ ላይ የተገጠመ ክላክስ 7 ሜትር ላይ ሲለካ ከ112 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ይገድባል፤ ከዚያ በላይ ጆሮ ከመጉዳት በቀር የሚጨምረው ነገር የለም። ደግሞም ሁለት እኩል ክላክሶች አንድ ላይ ሲጮሁ የሚጨምሩት 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። የጥንዱ ጥቅም ሌላ ቦታ ነው። አንዱ 400፣ ሌላው 500 ኸርዝ አካባቢ ሲጮሁ ድምፁ የመኪና ድምፅ ይመስላል፤ የአይሱዙ ሹፌርም «ጢጥ» ለሚለው የማይከፍተውን መንገድ ለዚህኛው ይከፍታል። ነገሩ የንቀት ጉዳይ ነው እንጂ የጆሮ አይደለም፤ ግን መንገድ ላይ ስለ ክብር የሚከራከሩበት ጊዜ የለም።

ከሱቁ ሳይወጡ ከሁለት ስህተቶች ይራቁ። የመጀመሪያው ከጭነት መኪና የተፈታ ክላክስ በርካሽ አገኘሁ ብሎ መግዛት ነው። የጭነት መኪና በብዛት 24 ቮልት ነው፤ ክላክሱ በ12 ቮልት ሲነካ እንደታመመ ጥጃ ያቃስታል። ሁለተኛው የአምቡላንስ ወይም የፖሊስ ሳይረን ድምፅ ያለውን መምረጥ ነው፤ እሱ ለተፈቀደላቸው ተሽከርካሪዎች ብቻ ነው፤ ትራፊክ ሲይዝዎ የሚያቀርቡት ምክንያት አይኖርዎትም።

ክላክሱን ሳይሞክሩ ከሱቅ አይውጡ። ሻጩ ባትሪ ላይ ለአፍታ ያስነካልዎ፤ ሁለቱንም ለየብቻ ይስሙ።

3. የሚያስፈልግዎ ዕቃ

ባለ 12 ቮልት ሪሌ ከነሶኬቱ (30 ወይም 40 አምፔር የሚል)፣ የፊውዝ ቤት ከ15 አምፔር ፊውዝ ጋር፣ ሁለት ትርፍ ፊውዝ፣ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ ብዙ ክር ያለው የመኪና ሽቦ በቀይና በጥቁር ከ2 እስከ 3 ሜትር፣ ተርሚናሎች፣ ናስትሮ፣ የፕላስቲክ ማሰሪያ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ ጥቂት ግሪስ። ከመሣሪያ 10፣ 12 እና 14 ቁጥር መፍቻ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳና ቴስተር። ቴስተር ከሌለዎት ሁለት ሽቦ የተበየደባት የ12 ቮልት የፍሬቻ አምፖል ትሠራለች።

ሽቦው ላይ አይቆጥቡ። የቤት ኤሌክትሪክ ሽቦ አንድ ደንዳና ክር ብቻ ያለው ስለሆነ በሞተር ንዝረት ጥቂት ወር ቆይቶ ውስጥ ለውስጥ ይሰበራል፤ ከላይ ደህና ስለሚመስል ብልሽቱን ሲፈልጉ ቀኑ ይመሻል። ብዙ ክር ያለውን ይጠይቁ።

4. ቦታውን ይምረጡ

ክላክስ የሚጮኸው ውስጡ ያለው ቀጭን ቆርቆሮ ሲንቀጠቀጥ ነው። ስለዚህ የሚንጠለጠለው ከራሱ ጋር በመጣው ልሙጥ ቆርቆሮ መያዣ በአንድ ብሎን ብቻ ሲሆን፣ አካሉ ምንም ነገር መንካት የለበትም። ቴላዮውን ወይም ፓራፋንጎውን ከነካ ድምፁ ይታፈናል። መያዣውን አውጥቶ ክላክሱን በቀጥታ ቴላዮ ላይ ጥብቅ አድርጎ ማሠር ጠንካራ ሥራ ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ግማሽ ድምፅ ነው።

አፉ ወደፊትና በትንሹ ወደ መሬት ይዙር። ወደ ላይ ካዞሩት በክረምት ውኃ ይሞላዋል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ርብና ጉማራ ሜዳው ላይ ሲፈስሱ በናበጋ በኩል የሚሄድ ሰው የፊት ጎማው ውኃውን ወዴት እንደሚረጨው ያውቃል፤ በቀጥታ ከጎማው ጀርባ ማሠር ክላክሱን በየቀኑ ማጥመቅ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ደግሞ የሩዝ አጨዳና ውቂያ ስለሆነ የገለባው ብናኝ ይገባበታል። ከመብራቱ በታች፣ ከጎማው በላይ፣ ግራና ቀኝ ያለው ቦታ ብዙ ጊዜ ይስማማል። የሲሊንደሩን የማቀዝቀዣ ክንፎች ግን አይጋርዱ፤ ሞተሩ የሚቀዘቅዘው ከፊት በሚመጣው ነፋስ ነው።

ክላክሱን ቦታው ላይ በእጅዎ ይዘው፣ ከመብሳትዎ በፊት ሁለት ነገር ያድርጉ። መሪውን እስከ መጨረሻው ግራና ቀኝ ያዙሩ። ከዚያ የፊት ፍሬን ይዘው በሰውነትዎ ክብደት ፊቱን ወደ ታች ይጫኑት፤ ጎማው ወደ ላይ ሲመጣ ፓራፋንጎው ክላክሱ ጋ ይደርሳል? በባዶ ሞተር ደህና የመሰለ ቦታ፣ ሁለት ሰውና አንድ ጆንያ ሲጫን ሌላ ነው።

5. ሁለቱን አሮጌ ሽቦዎች ይወቁ

ከማንኛውም የሽቦ ሥራ በፊት የባትሪውን ነጌቲቭ ይፍቱ፤ ሲጨርሱም የመጨረሻ የሚመልሱት እሱን ነው። መፍቻዎ ፖዘቲቩን ሲፈታ ቴላዮውን ቢነካ፣ ነጌቲቩ ታሥሮ ከሆነ ብልጭታው እጅ ያቃጥላል።

ለሙከራ ያህል ይመልሱትና የድሮውን ክላክስ ሁለት ሽቦዎች ነቅለው በቴስተሩ ይዩ። ኮንታክቱ ተከፍቶ፣ መጫኛው ሳይነካ አንዱ ሽቦ 12 ቮልት ካለው ሞተርዎ መጫኛው ማሳ (ነጌቲቭ) የሚሰጥበት ዓይነት ነው። ሳይጫኑ ምንም ከሌለና ሲጫኑ 12 ቮልት የሚመጣ ከሆነ ደግሞ መጫኛው ፖዘቲቭ የሚሰጥበት ነው። ሁለቱም ዓይነት አለ። ደስ የሚለው ቀጥሎ ያለው አሠራር ለሁለቱም እኩል መሥራቱ ነው፤ እንዲያውቁት የምፈልገው በኋላ ብልሽት ሲመጣ የት እንደሚፈልጉ እንዲገባዎ ነው። አይተው ሲጨርሱ ነጌቲቩን እንደገና ይፍቱ።

6. ሪሌውን ያገናኙ

የሥራው ልብ ይህ ነው፤ እዚህ ላይ አይጣደፉ።

ከፋብሪካው ወደ ክላክሱ የሚሄደው ሽቦ ቀጭን ነው፤ ለትንሹ ክላክስ ታስቦ የተሠራ ነው። 0.5 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ የመዳብ ሽቦ በአንድ ሜትር 0.035 ኦም ይቃወማል። ጥንዱ ክላክስ 8 አምፔር ሲስብ ሦስት ሜትር በሚሆነው ጉዞ ላይ ብቻ 0.8 ቮልት ይጠፋል፤ ኮንታክቱ፣ መጫኛውና በመሃል ያሉት ሶኬቶች የሚበሉት ሳይቆጠር። ያ የጠፋው ሁሉ ሙቀት ሆኖ የሚወጣው በሽቦውና በመጫኛው ላይ ነው። መጫኛው ውስጥ ያለችው የመዳብ ምላስ ደግሞ የእንጀራ ፍርፋሪ ታክላለች። ለዚህ ነው የምትቃጠለው።

ሪሌ ይህን ሸክም ያወርድላታል። ትእዛዙን የምታስተላልፈው መጫኛዋ ናት፤ ለዚያ የሚያስፈልገው 0.2 አምፔር እንኳ አይሞላም። ጭነቱን ግን ሪሌው በወፍራም ሽቦ ከባትሪው በቀጥታ ለክላክሱ ያደርሳል። የሪሌውን እግሮች ገልብጠው ይዩ፤ ቁጥር ተጽፎባቸዋል።

85 እና 86፦ የድሮውን ክላክስ ሁለት ሽቦዎች እነዚህ ላይ ይሰኩ፤ የትኛው የትኛው ላይ ቢሆን ለተራ ሪሌ ለውጥ የለውም። ሽቦዎቹ ካልደረሱ በቀጭን ሽቦ ማስረዘም ይቻላል፤ የሚሸከሙት ትእዛዝ ብቻ ነውና።

30፦ ከባትሪው ፖዘቲቭ በፊውዝ በኩል የሚመጣው ቀይ ወፍራም ሽቦ እዚህ ይገባል።

87፦ ከዚህ የሚወጣው ወፍራም ሽቦ ወደ ሁለቱ ክላክሶች አንድ አንድ እግር ይሄዳል። የክላክሶቹ ሌላኛው እግር ወደ ማሳ ነው።

አንዳንዱ ሪሌ አምስት እግር አለው፤ መሃል ያለችው 87 ተብላ ጎኗ ላይ «ኤ» የምትመስል የላቲን ፊደል ተጽፎባታል። እሷን ባዶ ይተዉዋት። ሪሌው ባልታዘዘ ጊዜ 30ን የሚያገናኘው ከእሷ ጋር ስለሆነ ክላክሱን እዚያ ከሰኩት ባትሪው እንደታሠረ ያለ ማቋረጥ ይጮኻል። ይህን የምነግርዎ ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም። የመጀመሪያውን ሪሌ የገጠምኩት አንድ እሑድ ከቀትር በኋላ በቤታችን ግቢ ነበር፤ ነጌቲቩን ባትሪው ላይ እንዳስነካሁ ሁለት ክላክስ ባንዴ ለቀቀ። እኔ መፍቻው ከእጄ ወድቆ በሞተሩ ሥር ስፈልግ፣ ሊጥ ታቦካ የነበረች ጎረቤታችን እስከ ክንዷ ሊጥ እንደሆነች በአጥሩ በኩል ወጥታ «ማን ሞተ?» አለች።

ፊውዙ ከባትሪው ፖዘቲቭ ከአንድ ስንዝር አይራቅ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ፊውዝ የሚጠብቀው ከእሱ በኋላ ያለውን ሽቦ ብቻ ነው። በባትሪውና በፊውዙ መካከል ያለው ሽቦ ቴላዮ ላይ ተፍቆ ማሳ ቢያደርግ የሚያቆመው የለም፤ ሽቦው ይግላል፣ በላዩ ደግሞ ሰርባቶዮው አለ። ፊውዝ ሲበጠስ በሲጋራ ወረቀት ወይም በመዳብ ክር ጠቅልሎ መመለስ ይህንኑ አደጋ በገዛ እጅ መጋበዝ ነው። 15 አምፔሩ ደጋግሞ ከተበጠሰ 20 አይግዙ፤ የሚፋቀውን ሽቦ ይፈልጉ።

ተርሚናሎቹን በፒንሳ አጥብቀው ከጨበጡ በኋላ እያንዳንዱን ይጎትቱ። በጉተታ የሚወጣ ተርሚናል በወረታና በአለም በር መካከል ባለው ንዝረትም ይወጣል።

7. ማሳውን አይናቁ

ከፖዘቲቩ ይልቅ ሰው የሚዘነጋው ይህን ነው። ወደ ክላክሱ የገባው ኤሌክትሪክ ሁሉ ወደ ባትሪው መመለስ አለበት፤ መመለሻው ከጠበበ መሄጃው ምን ቢሰፋ አይጠቅምም። ጥቁሩን ወፍራም ሽቦ ከሁለቱ ክላክሶች ወስደው በቀጥታ ባትሪው ነጌቲቭ ላይ ይሠሩት። ሽቦ ካጠረዎትና ቴላዮ ላይ ማሠር ግድ ከሆነ፣ ብሎኑ የሚያርፍበትን ቀለም ቆርቆሮው እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ይፋቁ፣ አጥብቀው ይሠሩ፣ ከዚያ በላዩ ግሪስ ይቀቡ። ቀለም ላይ የታሠረ ማሳ አልታሠረም። አንድ እግር ብቻ ያለው ክላክስ ከገዙ ደግሞ ማሳውን የሚያገኘው በመያዣው በኩል ነውና መፋቁ የግድ ነው።

ሽቦዎቹን ከፋብሪካው የሽቦ እሽግ ጋር በሰርባቶዮው ሥር አብረው ይውሰዷቸው፤ ከሲሊንደሩና ከማርሚታው ይራቁ። መሪው አንገት ጋ ትንሽ ላላ ይበሉ፤ እዚያ ተወጥሮ የታሠረ ሽቦ መሪው በዞረ ቁጥር ይሳባል። ሪሌው ከወንበሩ ሥር ወይም ከጎን ክዳኑ ውስጥ፣ እግሮቹ ወደ ታች ሆነው ይሠር። ሽቦውም ወደ ሪሌው ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ወርዶ ይታጠፍና ወደ ላይ ይግባ፤ በሽቦው ላይ የሚወርድ ውኃ ከእጥፋቱ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ሪሌው ውስጥ አይገባም።

8. ሙከራ

ነጌቲቩን ይመልሱ። ዝም ካለ መልካም። ኮንታክቱ ተዘግቶ መጫኛውን ይንኩ፤ አሁንም ዝም ማለት አለበት። ከዚያ ኮንታክቱን ይክፈቱና ይንኩ፤ ጆሮዎን ከክላክሱ አፍ አርቀው።

ቢጮህም አልጨረሱም። ተጭነው እንደያዙ ክላክሱ እግሮች ላይ ቮልቱን ይለኩ፣ ከዚያ ባትሪው ላይ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከግማሽ ቮልት ካለፈ አንድ ቦታ ላይ ላላ ያለ ተርሚናል ወይም ያልተፋቀ ቀለም አለ። ለአሥር ሰከንድ ያህል ካስጮኹ በኋላ ሽቦውን በጣትዎ ከባትሪ እስከ ክላክስ ይዳብሱ፤ የሞቀ ቦታ ካገኙ ብልሽቱ እዚያው ነው።

ካልጮኸ ጆሮዎን ወደ ሪሌው ያስጠጉ። መጫኛውን ሲነኩ «ጠቅ» ይላል? ካለ ትእዛዙ ደርሷል፤ ፊውዙን፣ 30ን፣ 87ንና ማሳውን ይፈትሹ። «ጠቅ» ካላለ ጥፋቱ 85 እና 86 ላይ ወይም መጫኛው ውስጥ ነው። ክላክስ ሲነኩ መብራቱ የሚደበዝዝ፣ ሞተሩም ሊጠፋ የሚንተፋተፍ ከሆነ ሽቦው አይደለም፤ ባትሪው ጥንዱን መሸከም አልቻለም። አንዱን ነቅለው በአንዱ ይንዱ።

በመጨረሻ አንድ ሰው ሜዳ ላይ ሃምሳ እርምጃ ርቆ ይቁምልዎ፤ ከተቻለ ሞተሩ በተነሳ መኪና ውስጥ መስኮት ዘግቶ ይቀመጥ። ግቢ ውስጥ የግንቡ ማስተጋባት ያታልላል፤ ውጭ ሲወጡ የሚሰማው ሌላ ነው። ማስተካከያ ብሎን ያለው ከሆነ አንዱን ክላክስ ነቅለው ሌላውን ብቻ ያስተካክሉ፤ ሁለቱ አብረው እየጮኹ የቱ እንደጎረነነ አይለይም።

9. ለከብትና ለገዳም

ትልቅ ክላክስ የገጠመ ሰው የመጀመሪያውን ሳምንት በሁሉም ላይ ይሞክረዋል። ከብት ላይ ግን አይሞክሩት። በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በሰከንድ 17 ሜትር ያህል ይሄዳሉ፤ በሬዎቹ ጎን ሲደርሱ ከነኩ የደነገጠው በሬ የሚዘለው ወደ እርስዎ ነው፣ ማቆሚያም የለዎትም። ከሩቅ፣ ሰባና ሰማንያ ሜትር ሲቀር፣ አጭር አንድ ጊዜ ነክተው ፍጥነት ይቀንሱ፤ እረኛው ዞር ብሎ ይሰበስባቸዋል። አህያ እንኳ ክላክስ ስትሰማ መንገድ መሃል ቆማ ማሰብ ትጀምራለች፤ እሷን መዞር እንጂ መጮህ ጥቅም የለውም። ጋሪ የሚጎትት ፈረስ ጎንም እንደዚሁ።

ከአዲስ ዘመን በላይ ወደ ጣራ ገዳም ጫካ ሲወጡ ነገሩ ይለያል። ዳገቱ ላይ ከፊት የሚመጣው በማይታይበት መታጠፊያ አንድ አጭር ክላክስ ተገቢ ነው። ገዳሙ ሲቃረብ ግን እጅዎን ከመጫኛው ያንሱ፤ በ98 ዴሲቤል ጸሎት የሚያቋርጥ ሞተረኛ መነኮሳቱ ምንም ባይሉት ምእመኑ ይለዋል።

ክረምቱ ሲያልፍ፣ መስከረም ላይ፣ የጎን ክዳኑን ከፍተው ሪሌውን ከሶኬቱ ይንቀሉ። እግሮቹ ላይ አረንጓዴ ዝገት ካዩ በብርጭቆ ወረቀት አጽድተው በስሱ ግሪስ ቀብተው ይመልሱ። የክላክሱን አፍ በቀጭን እንጨት ቆፍረው ደረቅ ጭቃውን ያውጡ፤ የግፊት ውኃ አያስነኩት። ሁለቱን ትርፍ ፊውዞች በላስቲክ ጠቅልለው ከሪሌው ጎን በናስትሮ ያጣብቋቸው፤ ፊውዝ የሚበጠሰው ሱቅ በሌለበት፣ ጉማራ ድልድይ አካባቢ፣ ሲመሽ ነው።